ፕሮግራሙ የጠየቀውን መስጠት

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም አውርዶ ምልክቱን ሁለት ጊዜ የተጫነ ሰው አንዳንዴ የሚገጥመው ፍጹም ዝምታ ነው። መስኮት አይከፈትም፤ ስሕተት አለ የሚል ጽሑፍም አይመጣም። «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ከመተው በፊት ግን ተርሚናል ከፍቶ ያንኑ ፕሮግራም በስሙ መጥራት ይገባል። ያኔ ተደብቆ የነበረው መልእክት ይወጣል፦ የጋራ ላይብረሪዎች ሲጫኑ ስሕተት ተፈጥሯል፤ «ሊብኤስኤስኤል 1.1» የተባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም።

ከማነባቸው የኮምፒውተር መልእክቶች መካከል እንዲህ ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው። የጎደለውን በስሙ ይጠራል፤ የትኛው ቁጥር እንደሚፈለግም ይናገራል። ሆኖም ብዙ ሰው የሚያነበው «የለም» የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ያንን ስም የያዘ ፋይል ከየትም ፈልጎ ያስገባል። ጥገናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በስሙና በቁጥሩ ውስጥ የፕሮግራሙና የላይብረሪው ውል አለ፤ ጥገና ማለት ያንን ውል ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ አይዞርም። መስኮት መሣል፣ ፊደል መደርደር፣ ምስል መክፈት፣ በኢንተርኔት ምስጢር ጠብቆ መነጋገር ብዙ ፕሮግራሞች የሚፈልጓቸው ሥራዎች ስለሆኑ ላይብረሪ በሚባሉ ፋይሎች በአንድ ቦታ ተቀምጠው በጋራ ያገለግላሉ። እንደ እድር ድንኳን ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ድንኳን አይገዛም፣ ሲያስፈልገው ከእድሩ ያወጣል። ፕሮግራሙ በውስጡ የያዘው የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የስም ዝርዝር ነው። ሲነሣ፣ ሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ዝርዝሩን ተቀብሎ በተወሰነ ተራ ይፈልጋል፦ «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» በሚባለው ተለዋዋጭ የተጻፉትን ፎልደሮች፣ ፕሮግራሙ ራሱ በሆዱ የያዘውን አድራሻ፣ ሲስተሙ ያዘጋጀውን ማውጫ፣ በመጨረሻም የተለመዱትን የሲስተም ፎልደሮች። በእነዚህ ካልተገኘ ሌላ ቦታ አይሄድም። ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ ለሎደሩ የለም።

ቁጥሩ ደግሞ ለጌጥ አልተጻፈም። የላይብረሪው ሠሪዎች የቆዩ ፕሮግራሞችን የሚያሰናክል ለውጥ ሲያደርጉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን በደንብ ያሳየን ሊብኤስኤስኤልን የያዘው ኦፕንኤስኤስኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ተሸጋገረ፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ግን 1.1ን ነበር የሚጠይቁት። ሰዉ ምን አደረገ? አዲሱን ፋይል በአሮጌው ስም የሚጠራ ሊንክ ፈጠረ። ሎደሩም ፋይሉን ከፈተና በውስጡ የተጻፈውን የቨርዥን ምልክት አይቶ እንደገና እምቢ አለ። ይህ እምቢታ መልካም ነገር ነው። ሁሉም ላይብረሪ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። በሌለው ላይ ሊንኩ ያታልልና ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ከዚያ ሥራ መሐል ላይ ይወድቃል፤ ከዚህም የከፋው ሳይወድቅ የተሳሳተ ውጤት መጻፉ ነው። የሒሳብ ወይም የክሊኒክ ፕሮግራም ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከነጭራሹ ያልተነሣ ፕሮግራም ይሻላል።

ታዲያ በትክክል እንዴት ይጠገናል? በመጀመሪያ የጎደለው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ነው። መልእክቱ አንድ ስም ብቻ ጠርቶ ይቆማል፤ እሱን ሲሞሉት ሁለተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው። «ኤልዲዲ» የሚባለው ኮማንድ ግን ዝርዝሩን ሙሉውን ያወጣል፤ ላይብረሪዎቹ ራሳቸው የሚፈልጓቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ጭምር። «አልተገኘም» የሚል ምልክት ያለባቸውን ለይቶ መያዝ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «ኤልዲዲ» አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከማይታመን ቦታ በመጣ ፋይል ላይ አይጠቀሙበት። ለዚያ «ኦብጅዳምፕ» አለ፤ ፋይሉን ሳያስነሣ ከላዩ አንብቦ ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚጠይቃቸውን ያሳያል።

ቀጥሎ የፋይሉን ስም ወደ ፓኬጅ ስም መመለስ ነው። ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ ብዙ ሰው እዚህ ይደናገራል። ኡቡንቱና ዴብያን ላይ «አፕት ፋይል»፣ ፌዶራ ላይ ደግሞ «ዲኤንኤፍ» ይህ ፋይል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ይናገራሉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግምትን ያስቀራል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ የብዙ ፓኬጆች ስም መጨረሻ ላይ «ቲ64» የሚል ተጨምሮ ሲያዩም አይደንግጡ። በ32 ቢት ሲስተሞች የጊዜ ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ2038 ስለሚሞላ ከወዲሁ ወደ 64 ቢት ተለውጧል፤ ለውጡም ውሉን ስለነካ ፓኬጆቹ አዲስ ስም ወጣላቸው። በዚህ የተነሣ የቆየ መመሪያ ላይ የተጻፈ የፓኬጅ ስም ዛሬ ላይገኝ ይችላል።

አፕኢሜጅ የሚባሉት በአንድ ፋይል የታሸጉ ፕሮግራሞችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ብዙዎቹ «ሊብፊውዝ 2» ጎድሎናል ብለው ይቆማሉ። መፍትሔው በዚያው ስም የሚጠራውን ላይብረሪ ብቻ መጫን ነው። ስሙን አሳጥሮ «ፊውዝ» የተባለውን ፓኬጅ የጫነ ሰው ግን አዲሱን «ፊውዝ 3» ያስወጣዋል፤ አብሮም ዴስክቶፑ የተደገፈባቸው ፓኬጆች ሊነሡበት ይችላሉ። ፓኬጅ ማኔጀሩ «እነዚህ ይወገዳሉ» ብሎ ዝርዝር ሲያወጣ ሳያነቡ እሺ ማለት የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ነው።

አንዳንዴ ፋይሉ እያለ ሎደሩ አላየሁም ይላል። ላይብረሪውን ከምንጩ ኮምፓይል አድርገው በእጅ ሲጭኑ የተለመደ ነው። ሲስተሙ የላይብረሪዎችን ማውጫ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለሚይዝ፣ «ኤልዲኮንፊግ» ተጠርቶ ማውጫው እስኪታደስ ድረስ አዲሱን አያውቀውም። «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» ለሙከራ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ቋሚ መፍትሔ አድርጎ ለሁሉም ፕሮግራም ማስቀመጥ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ለአንዱ ብለው ያስገቡት አሮጌ ላይብረሪ ሌላውን ደኅና ፕሮግራም ይጥለዋል፤ የወደቀበትን ምክንያት ደግሞ ከወራት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። አሮጌ ላይብረሪ የግድ ካስፈለገ በዚያ ፕሮግራም ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፤ አድራሻውም በዚያ ፕሮግራም ማስነሻ ስክሪፕት ላይ ብቻ ይጻፍ። ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ነጻ የደኅንነት ጥገናው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ስላበቃ፣ ለሲስተሙ ሁሉ ዳግም ማደል ቀዳዳ መክፈት ነው።

በጣም ግራ የሚያጋባው ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚባልበት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ የ32 ቢት ሆኖ ኮምፒውተሩ የ64 ቢት ብቻ ሲሆን ይከሰታል። የጠፋው ሎደሩ ነው። ላይብረሪዎቹን ሊፈልግ የሚገባው የ32 ቢት ሎደር ስለሌለ ዝርዝሩን የሚያነብ አካል የለም። ኡቡንቱ የ32 ቢት ፓኬጆችን እንዲቀበል አድርጎ መሠረታዊዎቹን መጫን ይፈታዋል።

«ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚለው መልእክት ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ለጠያቂዎቼም በግልጽ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ አትንኩት። ጂሊብሲ የሁሉ መሠረት ነው። ፋይል የሚዘረዝረው፣ የሚቀዳው፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው ኮማንድ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል፤ ከሌላ ኮምፒውተር ቀድቶ የተካ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ኮማንድ እንኳ አይተርፈውም። 2.34 እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ወጣ፤ ኡቡንቱ 20.04 ያለው 2.31 ነው። በአሮጌ ጂሊብሲ ላይ የተሠራ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሠራል፤ በአዲሱ የተሠራው ግን በአሮጌው ላይ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚው ያለው ምርጫ ሲስተሙን ማሻሻል፣ ወይም ለዚያ ሲስተም የተሠራ ቨርዥን መፈለግ ነው። የዚህ ችግር ባለቤት ዴቨሎፐሩ ነው፤ ሊደግፈው ከሚፈልገው ሲስተም ሁሉ በጣም በቆየው ላይ ኮምፓይል ቢያደርግ ኖሮ አይፈጠርም ነበር።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎችን የሚነካ አንድ ጉዳይም አለ፤ ብዙ የማይነገርለት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንዳንድ ላይብረሪዎች በስም ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም፤ ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ እንደ ፕለጊን ይጠራቸዋል። «ኤልዲዲ» አያያቸውም። ኪውት በሚባለው መሣሪያ የተሠሩ ፕሮግራሞች መስኮት የሚከፍቱት በእንዲህ ያለ ፕለጊን ነው፤ ከኪውት 6.5 ጀምሮ «ኤክስሲቢ» የሚባለው ፕለጊን «ሊብኤክስሲቢ ከርሰር»ን ስለሚፈልግ፣ እሱ በሌለበት ፕሮግራሙ ፕለጊኑን መጫን አልቻልኩም ብሎ ይወድቃል። ይኼኛው ቢያንስ ይናገራል። የጽሑፍ ማስገቢያው ፕለጊን ግን ሲጎድል ምንም አይልም። ሊኑክስ ላይ አይባስ በተባለው የጽሑፍ ማስገቢያ በኩል አማርኛ የሚጽፍ ሰው፣ የራሱን ኪውት አሽጎ የመጣ ፕሮግራም ሲከፍት ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የአማርኛ ፊደል ብቻ እምቢ ይላል። ኪቦርዱን ይወቅሳል፣ ፎንቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ሲያሽጉ የአይባስን ፕለጊን መተዋቸው ነው። «ኪውት ዲበግ ፕለጊንስ» የሚባለውን ተለዋዋጭ 1 አድርጎ ፕሮግራሙን ከተርሚናል ማስነሣት የትኞቹ ፕለጊኖች እንደተገኙ አንድ በአንድ ያሳያል። ፕሮግራሙን ያሸገው ሰው በላቲን ፊደል ብቻ ስለሚጽፍ አላስተዋለውም፤ ስለዚህ እኛ ስናገኘው ለሠሪዎቹ መጻፍ አለብን።

ዊንዶውስ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ስሙ ዲኤልኤል ይባላል እንጂ። «ኤምኤስቪሲፒ140» ወይም «ቪሲራንታይም140» የለም ሲል ትክክለኛው መልስ የማይክሮሶፍትን የቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ራንታይም ከራሱ ከማይክሮሶፍት አውርዶ መጫን ነው፤ 64 ቢት ኮምፒውተር ላይም ቢሆን የ32 ቢቱን ጭምር፣ ምክንያቱም የሚወስነው የፕሮግራሙ ዓይነት ነው። እኛ አገር ግን አንድ ፋይል ነጥሎ በቴሌግራም መላላክ ተለምዷል። ያ ፋይል የማን እንደሆነ፣ በውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም፤ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ብቻውን የመጣ ነውና ጓደኞቹን ይጠይቃል።

«ይህ ሁሉ ከሚሆን ሁሉም ፕሮግራም የራሱን ይዞ አይመጣም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 ነው። ያኔ ሀርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተገኘ። ላይብረሪውን በጋራ የሚጠቀሙ ሲስተሞች አንድ ፓኬጅ አድሰው፣ ፕሮግራሞቹን ዳግም አስነሥተው ኮዱን አረሙ። በሆዳቸው ይዘው የተሠሩት ግን እያንዳንዳቸው የሠሪያቸውን እጅ መጠበቅ ነበረባቸው። የዳታ ዋጋም ሌላ ምክንያት ነው፤ ያንኑ ኪውት ከአምስት ፕሮግራም ጋር አምስት ጊዜ ማውረድ ለእኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ብርቅ የሆኑትን ማሸግ፣ ጂሊብሲንና የግራፊክስ ካርዱን ላይብረሪዎች ለሲስተሙ መተው ትክክለኛው መሐል መንገድ ነው እላለሁ።

ኢንተርኔት ለሌላቸው ቢሮዎች ደግሞ ፓኬጆቹን በፍላሽ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሰበሰቡበት ኮምፒውተር ተመሳሳይ ቨርዥንና ተመሳሳይ የቢት ዓይነት ያለው፣ በተጨማሪም ምንም ያልተጫነበት ይሁን። አስቀድሞ ብዙ የተጫነበት ከሆነ ያሉትን ስለማያወርድ ፍላሹ ጎደሎ ሆኖ ይሄዳል።

ፕሮግራም ሠርታችሁ የምታድሉ ወገኖች፣ ከመላካችሁ በፊት ገና በተጫነ ባዶ ሲስተም ላይ አስነሡት። የራሳችሁ ኮምፒውተር ሁሉም ነገር ስላለበት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ በነጻ ይገኛል። የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ስም ከነቁጥራቸው ከፕሮግራሙ ጋር አያይዛችሁ ጻፉ። አማርኛ የሚጻፍበት ከሆነም አይባስን ከፍታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት።