በ30 ሚሊ ሊትር አይፈረድም

ቢራ መቅመስና ስለ ቢራ መጻፍ ሥራዬ ነው፤ በቢራ ፌስቲቫል ላይ ግን ለማንም ቢራ ነጥብ አልሰጥም። ምክንያቴ ከሚቀዳው መጠን ይነሳል። የምኖርባት ዴንቨር በምታስተናግደው በታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ላይ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚቀዳለት 1 አውንስ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጉንጭ ማለት ነው። በአንድ ጉንጭ የሚያሸንፈው ደግሞ የሚጮኸው ቢራ ነው፤ አልኮሉ የከበደው፣ የቡርቦን ውስኪ በነበረበት በርሜል የከረመው፣ ቡናና ቫኒላ የገባበት፣ የሆፕስ መዓዛው ከሩቅ የሚጣራው። ከእሱ ቀጥሎ ጥርት ያለ ፒልስነር የቀመሰ ሰው ውሃ የጠጣ ይመስለዋል። ፒልስነሩ ምንም አላጠፋም። የተጠመቀው አንዱ ብርጭቆ አልቆ ሁለተኛው እንዲያምር ነው። ያንን ችሎታውን በአንድ ጉንጭ ማሳየት አይችልም።

ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር ሌላ ነው። ዳኞች ከአዳራሹ ጫጫታ ተለይተው፣ የጠማቂውን ስም ሳያውቁ፣ ፒልስነርን ከፒልስነር ጋር እንጂ ከበርሜል ቢራ ጋር ሳያወዳድሩ ይቀምሳሉ። እኔ የምለው ብርጭቆ ይዞ በአዳራሹ ስለሚዞረውና በስልኩ ኮከብ እየሰጠ ስለሚያልፈው ሰው ነው። ያ ኮከብ አንድ ትንሽ ጠማቂ ላይ ለዓመታት ይቆያል።

ፌስቲቫሉን የቤት ጠመቃ አስተማሪው ቻርሊ ፓፓዚያን በ1982 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በቦልደር ከተማ ጀመረው። አሜሪካዊ በቤቱ ቢራ እንዲጠምቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደለት ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ዛሬ በአዳራሹ ከምናያቸው ጠማቂዎች ብዙዎቹ የጀመሩት በማድ ቤታቸው ድስት ነው። በቤት ጠመቃ ያደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም፤ እነሱን ሳገኝ ቶሎ የምንግባባውም ለዚህ ይመስለኛል።

ፍርዱን የምጽፈው ቤቴ፣ ከሙሉ ብርጭቆ ጋር ነው። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ጥቂት አቆየዋለሁ፤ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛውንም ይዞ ያስቀራል። ብርጭቆው ቅባት ካለበት አረፋው አይቆምም፤ አረፋ የጠፋበትን ቢራ ከመኮነኔ በፊት ብርጭቆዬን ደግሜ አጥባለሁ። መጀመሪያ አሸታለሁ፣ ምክንያቱም ቶሎ የሚሸሸው ሽታው ነው። ከዚያ እጎነጫለሁ፣ እውጣለሁም። ከዋጡ በኋላ በአፍንጫ ሲተነፍሱ ከጉሮሮ የሚመለሰው መዓዛ ትልቁን ነገር ይናገራልና የቢራ ቀማሽ አይተፋም።

ጥፋቶቹን መለየት ልምምድ ይጠይቃል። የቅቤ ሽታ ብዙ ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው መወሰዱን ይነግረኛል፤ አንዳንዴም ጠማቂው ንጹሕ ሆኖ የድራፍት ቧንቧውን ያላጸዳው መጠጥ ቤቱ ነው። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸተው በሚገባ ያልፈላ ነው። እርጥብ ካርቶን የሚሸተው አየር የገባበት ወይም ያረጀ ነው። አረንጓዴ ወይም ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ የመታው ደግሞ ከሆፕሱ መራራ ንጥረ ነገር ክፉ ሽታ ያወጣል፤ ቡናማው ጠርሙስ ከዚህ ይከላከላል። ስለዚህ ጥፋት ያገኘሁበትን ቢራ ከሌላ ሱቅ ሌላ ጠርሙስ ገዝቼ ሳልደግመው አልጽፍበትም። ሱቁ ያበላሸውን በጠማቂው ማላከክ ግፍ ነው።

ከዚህም በላይ የምጠነቀቅለት ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ቢራ ምን ሊሆን ፈልጎ ነበር? ፒልስነር ቢመረኝ ደስ ይለኛል፣ ቢኮመጥጥ ግን ተበላሽቷል። ብራስልስ ወደሚገኘው ወደ ካንቲዮን የሄደ ሰው ግን ኮምጣጣውን ፈልጎ ነው የሚሄደው። ከ1900 ጀምሮ ያለው ይህ ጠመቃ ቤት የፈላውን ብጥብጥ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ላይ ገልጦ ያሳድረዋል፤ በሌሊቱ አየር ያለው የዱር እርሾ ይገባበታል፣ ከዚያ በእንጨት በርሜል ይከርማል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተቀላቅለው ጎዝ የሚባለው ቢራ ይወጣል። ያንን በፒልስነር ሚዛን የሚመዝን ሰው አፉን ብቻ ነው የሚያዳምጠው፣ ቢራውን አይደለም። ብዙ የቢራ ዳኞች የሚጠቀሙበት የ50 ነጥብ ቅጽ ለጣዕም 20፣ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3 ብቻ ይሰጣል፤ የምወደው ግን ሁሉም ነጥብ የሚሰጠው ቢራው ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ከተጻፈ በኋላ ስለሆነ ነው።

ጠላ ያሳደገው ምላስ ለዚህ ሥራ ትልቅ ስንቅ አለው። የጌሾን ምሬት፣ የጉሹን ድፍርስነት፣ የአሻሮውን የተቆላ መዓዛ፣ የእርሾውን ኮምጣጣነት በልጅነቱ ለይቷል። በጀርመኗ ባምበርግ በእንጨት ጭስ በደረቀ ብቅል የሚጠመቅ ቢራ አለ። እዚህ ያሉ ባልደረቦቼ ሲቀምሱት የታጠነ የአሳማ ሥጋ ትዝ ይላቸዋል፤ እንዲያ ብለውም ይጽፋሉ። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ለምትኖር አክስቴ ቀድቼ ሰጠኋት። አሽትታ፣ ቀመሰችና «ጋናቸውን በደንብ አጥነውታል ልጄ» አለች። ጭሱ ከዕቃው ሳይሆን ከብቅሉ እንደሆነ ነገርኳት፤ «ታዲያ ለምን እንደኛ ወይራ አያጥኑም?» ብላ ብርጭቆዋን አስሞላች። በዚያ ሳምንት ስለዚያ ቢራ ስጽፍ አሳማውን ትቼ በወይራ የታጠነውን ጋን ጻፍኩ። በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ጣዕሙን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ከሰው ማስታወሻ የተገለበጠ መዓዛ አንባቢን የትም አያደርስም።

እና ነጥብ ካልሰጠሁ ፌስቲቫል ለምን እሄዳለሁ? ለመጠየቅ። ሰው ፕሬትዝል የሚባለውን ጨዋማ ብስኩት በክር ሰክቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየገመጠ ይዞራል፤ እኔ ጨው ምላሴን ስለሚረብሸው ደረቅ ዳቦና ውሃ እይዛለሁ፣ ከቀላሉ ቢራ ጀምሬም ወደ ከባዱ እሄዳለሁ። ረጅም ሰልፍ ያለባቸውን ጠረጴዛዎች አልፋቸዋለሁ። ሰልፍ በሌለበት ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ እንደ ፒልስነር ያለ ላገር የሚቀዳ ሰው አለ፣ ጊዜም አለው፣ ብዙ ጊዜም ጠማቂው ራሱ ነው። ቢራው ስንት ሳምንት ቀዝቃዛ ጋን ውስጥ እንደተኛ፣ ሆፕሱ የየት አገር እንደሆነ፣ ውሃውን እንዴት እንዳስተካከለ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻ መቼ እንደታሸገና ከተማው ውስጥ የት እንደሚሸጥ በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ገዝቼው ሙሉውን ብርጭቆ እጠጣለሁ።