የኋላውን ክዳን ክፈቱልን

እሁድ ጠዋት ነው። ከሳሪስ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቮልሶች ተደርድረዋል። ታጥበዋል፣ ተወልውለዋል፣ ጎማቸው ሳይቀር ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ወጣቱ ስልኩን ደቅኖ ይዞራቸዋል። አንድ ትንሽ ልጅ የአባቱን እጅ ጎተተና «ሞተሯ የታለ?» አለ። አባት ወደ ፊተኛው ኮፈን ጠቆመው። ተሳስቷል፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ያረመው ሰው ግን አልነበረም። አንዱም መኪና ስላልተከፈተ ስህተቱ የሚታወቅበት መንገድም አልነበረም።

ቅሬታዬ በሙሉ ያ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ውስጥ አለ።

በቅድሚያ ምስጋና ለሚገባቸው ምስጋና ይድረሳቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስ ባለቤቶች እየተጠራሩ መሰብሰባቸው ደስ ይላል። መግቢያ የማይጠይቅ፣ ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድ ወሬ የሚገናኙበት ቦታ ስንት አለን? ሰማያዊ፣ ክሬም፣ ቀይ ሆነው ሲቆሙ እኔም ፎቶ አንስቻለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን እንደ ኤግዚቢሽን ካየነው ስብስቡ አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል። መኪኖቹ እንዴት እስከ ዛሬ ቆዩ የሚለውን አይነግረንም።

«ክላሲክ» የሚለውን ቃል የተዋስነው ሌላ ዓይነት ኑሮ ካላቸው አገሮች ነው። እዚያ አዲስ መኪና ያለው ሰው አሮጌዋን ለእሁድ ያስቀምጣታል። እኛ ጋ ቮልስ የቆየችው የምትተካበት ገንዘብ ስለጠፋ ነው። በዚህ ከአውሮፓ ይልቅ ለሃቫና እንቀርባለን። የኩባ ሰዎች የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መኪኖች ያቆዩት የንግድ ማዕቀቡ ሌላ ምርጫ ስላሳጣቸው ነው። እኛን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና ቀረጥ አስገድደውናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ሲጥል፣ ከውጭ ገና የምትገባ ቪትዝ እንኳ ለብዙ ሰው የማትደረስ ሆነች። ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪናም ዋጋዋ ወጣ። ይህን ሁሉ በ«ትዝታ» ብቻ ማለፍ ታሪክን ማሳጠር ይሆናል።

ቮልስ ራሷ ታሪክ የማያንሳት መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነው። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ለሕዝብ ተከፍቶ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር መኪኖች ይታዩበታል። የዘመን መለወጫዋን ጉዞ ያደረገችው ግን ተራዋ መኪና ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ስሙን ከሽቦ አልባ ስልክ ባገኘው በነፋስ ስልክ ሰፈር በነፋስ የምትሠራ መኪና ማየት እኔን ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

ታዲያ ይህቺን መኪና ማን አቆያት? ባለቤቷ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ያሉ አንድ ባቲላሜራ ጋሼ፣ የአንዷን ቮልስ በር እየቀጠቀጡ «ከፋብሪካ የወጣችው አንዴ ነው፤ ከእኔ እጅ ግን አራቴ ወጥታለች» ብለውኛል። የበሰበሰ ወለል ቆርጠው ከሌላ ላሜራ ይበይዳሉ። ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ሲያጋጥማቸው ሶማሌ ተራ ይወርዳሉ፤ እዚያም ካጡት በቶርኖ ያስቀርጹታል። ቋንቋቸውን ስሙት፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ስቱኮ። ጣሊያን ትቶት የሄደውን ቃል አማርኛ አድርገው ለጀርመን መኪና ይጠቀሙበታል። ባህል የምንለው ነገር ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እሁድ ዕለት ግን ጋሼ በዚያ ግቢ አልነበሩም። የጠራቸውም የለም።

ላዳም አልነበረችም። ባየሁት ስብስብ ውስጥ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ አላገኘሁም። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተሠራች መኪና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በኮንትራት ታክሲነት ምጥ የያዛትን ሐኪም ቤት አድርሳለች፣ ሙሽራም አጅባለች። አሁን በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ገበያዋን ወስደውባታል። ከቮልስ ያነሰ ታሪክ የላትም፤ የጎደላት የፎቶ ውበት ነው። የድሮ መኪና ስብስብ ቆንጆዋን ብቻ ከመረጠ፣ የቁንጅና ውድድር እንጂ የከተማዋ ማስታወሻ ሊሆን አይችልም።

«ምን አስጨነቀህ? ሰው ይደሰትበት» ትሉኝ ይሆናል። የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ለአየሩም ለነዳጅ ወጪውም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ካርቡራተር በጆሮው ሰምቶ የሚያስተካክል ሰው የሚተካው አይኖርም። ዛሬ ጋራዥ የሚገባ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ባትሪና ኮምፒውተር ቢማር ነው የሚያዋጣው። ቀለሙ ያልደበዘዘ ቮልስ ከሃያ ዓመት በኋላም ይገኝ ይሆናል። የሚያስነሳው ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ የምለው ከባድ አይደለም። በሚቀጥለው እሁድ የኋላውን ክዳን ክፈቱልን። ከእያንዳንዷ መኪና ፊት አንድ ወረቀት ለጥፉ፤ መቼ ተገዛች፣ ስንት ጊዜ ተበየደች፣ የማን እጅ ነካት የሚል። ለላዳዋና ለዲኤክሷም ቦታ አስቀሩ። ለመካኒኩ ወንበር አምጡለት፣ ቡና ይጠጣ፣ የፈለገ ይጠይቀው። አንዷን ሞተር በሕዝብ ፊት ፈትቶ ቢገጥማት ደግሞ ከየትኛውም ፎቶ የበለጠ ሰው ይከብበዋል።

ያ ትንሽ ልጅም ተመልሶ ከመጣ፣ «ሞተሯ የታለ?» ሲል እጁን ይዞ ወደ ኋላ የሚወስደው ሰው ያገኛል።