ዱካ የሚያነብ ፊልም

«የኡልዛና ወረራ» ላይ አንድ ወታደር ሴትና ልጇን አጅቦ ወደ ምሽጉ ሲጓዝ አፓቼ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ይደርሱባቸዋል። ወታደሩ ፈረሱን ኮልኩሎ ይፈተለካል። ሴትዮዋ እየጮኸች ስትጠራው ተመልሶ ይመጣል። ሊያድናት ነው ስንል ሽጉጡን መዝዞ ግንባሯ ላይ ይተኩሳል። ልጁን አፈናጥጦ ሲሸሽ ፈረሱ ተመትቶ ይወድቃል፤ ያኔ አፈሙዙን የገዛ አፉ ውስጥ ከትቶ ቃታውን ይስባል። ለምን? ፊልሙ ወዲያው አይነግረንም። ቆየት ብሎ ጦሩ አንድ የገበሬ ቤት ሲደርስ፣ በሕይወት የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናያለን፤ የወታደሩ ጭካኔ ምሕረት እንደነበር የሚገባን እዚያ ነው። ድርጊቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ማዘግየት፣ ሮበርት ኦልድሪች እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው በዚህ ፊልም እጅግ የማደንቀው ጥበብ ነው።

መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ፣ የአሜሪካ መንግሥት አፓቼዎችን አሪዞና ውስጥ ሳን ካርሎስ በሚባል ደረቅ መሬት አጉሮ በያዘበት ዘመን፣ የአፓቼው መሪ ኡልዛና ዐሥር ያህል ተዋጊዎች አስከትሎ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ለሳምንታት አመሰ። የተሰማራበት ጦር ሊይዘው አልቻለም። ፊልሙ ስሙንና ድፍረቱን ወስዶ የቀረውን በራሱ መንገድ ሠርቶታል።

ስክሪፕቱን የጻፈው ስኮትላንዳዊው አለን ሻርፕ ነው፤ ታሪኩን ያቆመውም በፈረስ ጉልበት ላይ ነው። በርት ላንካስተር የሚጫወተው አዛውንቱ መንገድ መሪ ማኪንቶሽ ነገሩን በአጭሩ ያስረዳል፦ ፈረስ የአቅሙን ያህል ሮጦ ይተኛብሃል፤ አፓቼ ግን ሆዱ ሥር እሳት አንድዶ ያስነሳዋል፣ ሲሞትበትም ከሥጋው በልቶ ሌላ ይሰርቃል። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ ራሱ ፈረስ መቁጠር ይጀምራል። ኡልዛና ተዋጊዎቹን አውርዶ ፈረሶቹን ባዶ ጀርባቸውን በሌላ አቅጣጫ ያስነዳል፤ ጦሩ ዱካቸውን ተከትሎ እንዲደክም ነው። አፓቼው የጦሩ ዱካ ፈላጊ ኬኒታይ ግን መሬቱን አጎንብሶ አይቶ ፈረሶቹ ሰው እንዳልተጫነባቸው ያውቃል። ማኪንቶሽ ቀድሞ አድፍጦ ፈረሶቹን ይፈጃል፤ ፈረሶቹን ይነዳ የነበረው የኡልዛና ልጅም እዚያው ይሞታል። እንግዲህ አሳዳጁ ፈረስ አለው፣ ተሳዳጁ የለውም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ተደፍራ፣ ግን ሳትገደል ስትገኝ ማኪንቶሽ ይህንንም እንደ ዱካ ያነበዋል፦ በሕይወት የተተወችው ጦሩ አጃቢ መድቦላት ለሁለት እንዲከፈል ነው። ኡልዛና ፈረስ የሚያገኘው ከተከፈለ ጦር ነውና።

ጥሩምባዋም እንዲሁ በዋዛ አልገባችም። ቤቱን ዘግቶ ሲዋጋ የቆየው ገበሬ የጥሩምባ ድምፅ ሲሰማ ጦሩ የደረሰለት መስሎት በሩን ይከፍታል። ያቺው ጥሩምባ ኋላ ከሟቹ የኡልዛና ልጅ ተወስዳ በኬኒታይ እጅ ትታያለች። ኡልዛና ፊት ሲያቀርባት አባት የልጁን ሞት ያለ አንድ ቃል ይረዳል።

ኦልድሪችና ላንካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 «አፓቼ» የሚባል ፊልም አብረው ሠርተው ነበር። ላንካስተር ቆዳውን አጥቁሮ አፓቼ ሆኖ ተጫወተ፤ ዳይሬክተሩ ጀግናው እንዲገደል ቢፈልግም አዘጋጆቹ ስለተጫኑት በሕይወት አተረፈው። ከ18 ዓመት በኋላ የሠሩት ፊልም ለማንም አላደላም፤ የአፓቼዎቹን ጭካኔ አልሸፈነም፣ ወታደሮቹንም አላጸደቀም። በቬትናም ጦርነት መካከል ለወጣ የአሜሪካ ፊልም ይህ ቀላል አይደለም።

የሚያስከፋኝ አንድ ነገር አለ፤ ሳን ካርሎስ ራሱ በቅጡ አይታይም። የሰዎቹን ታጉሮ መኖር በዓይናችን አይተን ቢሆን የኡልዛና ከዚያ አምልጦ መውጣት ይበልጥ ይከብደን ነበር። ሻርፕ ያንን ሁሉ ያሸከመው ለኬኒታይ ነው። ጦሩን የሚመራው ወጣት መቶ አለቃ አፓቼዎች ለምን እንዲህ እንደሚጨክኑ ሲጠይቀው፣ ኬኒታይ ስለ ሽታ ይነግረዋል፦ ኡልዛና እዚያ ብዙ ስለቆየ ኃይሉ ሳስቷል፤ አፍንጫው የለመደው የቆየ ሽታ ነው፣ የውሻ፣ የሴት፣ የሕፃን። የወጣው አዲስ ሽታ ፍለጋ ነው፤ የሚሮጥ ፈረስ፣ የሚቃጠል ነገር፣ የጥይት። ሆርጌ ሉኬ የተባለው ሜክሲኳዊ ተዋናይ ይህን የሚናገረው እንደ ተራ ወሬ ነው፤ አይቆጣም፣ አያዝንም፣ ወረቀት ፈርሞ ለጦሩ ያደረ ሰው ስለሆነም ይቅርታ አይጠይቅም።