ከጠዋቱ ነው ወይስ ከቀኑ?

ሆሳዕና መነኻሪያ አቅራቢያ አንድ ኢንተርኔት ቤት አለ። ኢንተርኔት ቤት ስላችሁ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና የማያልቅ ወረፋ ማለቴ ነው። ባለቤቱ ወጣት «ቲቸር» ይለኛል፤ ማስተማሩን ከተውኩ ብቆይም ስሙ እኔን አልተወኝም። በቀደም ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጃጁራ በኩል የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል።

ጉዳያቸው እንዲህ ነው። ልጃቸው ጆሃንስበርግ ነው። (በሀዲያና በከምባታ ከተሞች «ልጄ ደቡብ አፍሪካ ነው» የሚል ወላጅ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ለእሱ የሚላክ ሰነድ ለማውጣት በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ቀጠሮ አስይዘው ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ ብጠራው ሌሎቹ «እኛስ ደህና ነን» ብለው ይተኛሉ። ድረ ገጹ የቀጠሮውን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሰጠ። ወጣቱም ቀኑን ወደ እኛ መልሶ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈላቸው። ሰዓቱ ግን «8:30» ይላል። ከፊቱም ከኋላውም አንዳች ቃል የለም።

እሳቸውም እኔም እናንተም እንደምናነበው ነበር የተነበበላቸው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረው፣ ረፈድፈድ ሲል ተነሥተው፣ ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ደረሱ። እንዲያውም ቀድሜ ደረስኩ ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ለካስ ቀጠሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ኖሯል። «አልፎዎታል እናቴ፣ እንደገና ያስይዙ» ተባሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል» አሉኝ።

«ኧረ የለም ማዘር፣ የኔ ነው! ቀኑን ቀይሬ ሰዓቱን ረሳሁት» አለ ወጣቱ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ።

ሁለት ንጹሐን ሰዎች ጥፋት ሲሻሙ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጥፋተኛው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ዶናልድ ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ በር ነው። በሩ ሲገፉት የሚከፈት ሆኖ ሳለ ሰሪው መሳቢያ እጀታ ገጥሞበታል እንበል። ሰው ይስበዋል፤ እምቢ ይለዋል፤ ዞር ዞር ብሎ ማንም አለማየቱን አረጋግጦ በራሱ ያፍራል። የኖርማን ክርክር ማፈር ያለበት እጀታውን የገጠመው ሰው ነው የሚል ነው። የጃጁራዋ እናት «8:30»ን ሳቡት። የተገጠመው እጀታ ሳብ ይላልና።

ይህ ያለመማር ጉዳይ የሚመስለው ካለ በ2000 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ የሆነውን ያስታውስ። በፓልም ቢች አውራጃ የድምፅ መስጫው ወረቀት የዕጩዎችን ስም ግራና ቀኝ ደርድሮ የሚበሳውን ቀዳዳ መሐል ላይ አሰለፈ። አል ጎርን መርጠናል ያሉ ብዙ ሰዎች ፓትሪክ ቡካናንን በስተው ወጡ። ግዛቲቱ የተወሰነችው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ፤ ያውም በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ ፊደላቸው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ተደራሲው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፌ አይጠፋም ነበር፤ ተማሪዎቼ ሲቀልዱብኝ ያው እሱን ነው የሚጠቅሱት። የኛን ድረ ገጾች በዚያው ዓይን ሳነባቸው ተደራሲያቸው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ ሠሪያቸው። የትውልድ ወር ምረጡ ሲሉ ወሮቹ 12 ናቸው። ጳጉሜን የተወለደ ይቸገር! የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 እንደሚደመር ማሽኑ ለራሱ አስልቶ መጨረስ ሲችል፣ ስሌቱን ለገበሬዋ ይሰጣል። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚያውቅ ቅጽ አጋጥሞኛል፤ በ07 የሚጀምረውን «ልክ ያልሆነ ቁጥር» ይለዋል። ልኩ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የቆጣ እንጂ ያስተማረ አስተማሪ አይመስልም።

አማርኛው ደግሞ ይብሳል። «ስምህን አስገባ» ይላል። ማንን ነው አንተ የሚለው? ሆሳዕና ገበያ መሐል አንድ ጎረምሳ እኒያን እናት «አንተ» ቢላቸው አብዷል ተብሎ ይያዛል። ድረ ገጹ ግን በየመስመሩ ይላቸዋል፤ ሴትነታቸውንም ዕድሜያቸውንም በአንድ ቃል ይሽራል። «አስገባ» አራት ፊደል ነው፤ «ያስገቡ»ም አራት ፊደል ነው። ጨዋነት አንዲት ፊደል እንኳ አላስጨመረም።

የከተማይቱን ስም ራሱን እንመልከት። ሆሳዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣዕና። ሦስቱም በየማስታወቂያው አሉ፤ ለዓይናችንም ለጆሯችንም አንድ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ለኮምፒውተር ግን «ሰ» እና «ሠ» እንደ ውሻና ድመት የተለያዩ ናቸው። አንድ ናቸው ብሎ ካልነገሩት በቀር በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው ሲፈልጉት «አልተገኘም» ይላል። በላቲን ሲጻፍማ አንዱ ኤሱን ይደግማል፣ አንዱ ኤኑን ይደግማል። እኔ በግሌ በዐይኑ «ዕ» ካልተጻፈ ያመኛል፤ ይህ ግን የኔ በሽታ ነው፣ ሰነዳቸውን ፍለጋ የመጡ ሰዎች ዕዳ መሆን የለበትም። ሕፃናት በሀዲይሳና በከምባቲሳ በላቲን ፊደል ፊደል በሚቆጥሩበት አገር፣ የአያትን ስም ከቋንቋ ቋንቋ ሲያሻግሩ የምትጠፋው አንዲት ፊደል ስንቱን ከባንክ መስኮት እንደምትመልስ የኢንተርኔት ቤቱ ወጣት ይንገራችሁ።

«ችግሩ ኔትወርክ ነው፣ በጀት ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፋ እኔም ሆሳዕና ነው የምኖረው። ነገር ግን «ከጠዋቱ» የሚለውን ቃል መጨመር ስንት ብር ይፈጃል? ሲፈለግ ደግሞ ማሰብ ይቻላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው *127# ብሎ የሚገባበት በር ተትቶለታል። ያንን በር ያስተዋለ ሰው እናቱን አስቦ መሆን አለበት። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ ሃያሲ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ አምስት ሰው ብቻ አስቀምጦ ሲጠቀሙ ማየት አብዛኛውን ችግር ያጋልጣል ብሏል። አምስት ሰው! ከመነኻሪያችን አምስት ሰው በአንድ ሻይ ይገኛል።

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹ ግን በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። የዱራሜው ሰው ለአንዱ ጉዳይ ወዲህ፣ ለሌላው ወዲያ ነው። ድረ ገጽ ለማን ይጠቅማል ቢባል መጀመሪያ ለዚህ ሰው ነው። አሁን ግን ድረ ገጹን የሚያነብለት ሌላ ሰው ይከፍላል። ድሮ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩት ሰዎች አልጠፉም፤ ዣንጥላውን ዘግተው ኮምፒውተር ከፈቱ እንጂ። ወጣቱን አልወቅሰውም። እሱ ባይኖር እኒያ እናት ወዴት ይሄዱ ነበር?

ያን ቀን ወጣቱ ቅጹን እንደገና ሞላላቸው፤ ገንዘብም አልተቀበላቸውም። አዲሱ ቀጠሮ ታትሞ ሲወጣ ሰዓቱ «10:00» ይላል። ከኪሱ ቢክ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰረዘውና ከላዩ በትልቁ «ጠዋት 4 ሰዓት» ብሎ ጻፈ።

«ሰርዘኸው አይቆጡም?» አሉት።

«አይቆጡም ማዘር» አላቸው። ከዚያ ትንሽ አሰበና ሌላ ንጹሕ ኮፒ አተመላቸው። ሁለቱንም በፌስታሉ ጠቅልለው ወጡ።