ጉልበት ጎማ ነው እንዴ?

«ጉልበት እንደ መኪና ጎማ ነው፤ በሮጣችሁ ቁጥር ያልቃል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ምሳሌው ቶሎ ይገባል። ለዚህም ነው አሳሳች የሆነው።

ጎማ በድን ነገር ነው፤ የተፋቀው አይመለስም። የጉልበታችሁን አጥንቶች ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት ግን ሕይወት አለው። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ታዲያ ምን ይበላል? ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስትንቀሳቀሱ እንደ ስፖንጅ ይጨመቅና ይለቀቃል፤ ይህም ፈሳሹን ያመላልስለታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ የወጣ ግምገማ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ መጎዳትን ያገኘው ለጤናቸው ከሚሮጡት 3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶው፣ በውድድር ደረጃ ከሚሮጡት ደግሞ 13.3 በመቶው ላይ ነው። (ይህ ብቻውን ሩጫ መድኃኒት ነው አያሰኝም፤ ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው ቀድሞውኑ መሮጥ ይቀለዋል።) የጎማው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ ግን የማይሮጡት ጉልበት ከሁሉም በላይ ደህና በሆነ ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ኳስ ስትጫወቱ ለምን ያማችኋል? በእናንተ ዕድሜ የተለመደውን አንዱን ብቻ እንይ። የፊት ጭናችሁ ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ፣ በጅማት የቅልጥም አጥንታችሁን የላይኛ ክፍል ይጎትታል። እድገታችሁ ስላላለቀ ጅማቱ የተያያዘበት ቦታ ገና አልጠነከረም። ዝላይና ምት ሲደጋገም እዚያው ላይ ያማል፣ ያብጣል፤ አንዳንዴም ጉብታ ያወጣል። ስሙ ኦስጉድ-ሽላተር ይባላል፤ አሜሪካዊው ሮበርት ኦስጉድና ስዊዘርላንዳዊው ካርል ሽላተር እ.ኤ.አ. በ1903 በየፊናቸው ስለገለጹት ነው። እዚህ ውስጥ ያለቀ ነገር የለም! አብዛኛውን ጊዜ እድገት ሲያበቃ ሕመሙም ይጠፋል፤ ጉብታው ግን ሊቀር ይችላል።

የጎማው ምሳሌ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ያመነበት ወላጅ «ኳሱን ተወው» ይላል፤ ያላመነበት አሠልጣኝ ደግሞ «ቻለው» ይላል። ሁለቱም ጫናው ስንት ነው ብለው አይጠይቁም። በሳምንት ስንት ጨዋታ? ስንት ዝላይ? መሬቱስ ምን ያህል ደረቅ ነው? ብዙ ጊዜ የሚሻለው ጫናውን ለጊዜው መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መመለስ ነው።

ጉልበታችሁ ተጠምዝዞ ወዲያው ካበጠ፣ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ መርገጥ ካቃታችሁ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።