48ቱና ጸጋው

ሬይመንድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመውን «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴንስ» ብዙዎቻችን በስብከት እንጠቅሰዋለን። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚስዮናውያን ወላይታን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ፤ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው አገኟቸው። የመጽሐፉ ብርታት የሰው አቅም ባለቀበት እግዚአብሔር መሥራቱን ማሳየቱ ነው። ስሕተቱ ቁጥሩን የእምነት መለኪያ ስናደርገው ይመጣል፤ እኔም እንዲያ ሰብኬ አውቃለሁ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ጥቂት ምእመናን ይዞ የሚደክም ወንጌላዊ ይህን ሲሰማ «ጉድለቱ የእኔ ነው» ብሎ ይሰበራል። 48ቱ 48 ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ጌታ ታማኝ አይደለም እንል ነበርን? ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ የተሰጠው የሚበቃ ጸጋ ነው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። እንግዲህ ታሪኩን ስንሰብክ ከ48ቱ እንጀምር፤ የታመኑት ፍሬውን ሳያዩ ነበርና።