የወረዳ ምክር ቤትና የጤና አገልግሎት፤ ማን ማንን ይጠይቃል?

የወረዳ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በሚቀመጥበት ዕለት የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ተራው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግብርናና ከገቢ በኋላ፣ ጉባኤው መድከም በጀመረበት ሰዓት ነው። ሪፖርቱ በሠንጠረዥ የተዘጋጀ ነው፤ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች፣ የተከተቡ ሕፃናት፣ የተቆፈሩ መጸዳጃ ቤቶች፣ የጤና መድኅን አባልነታቸውን ያደሱ አባወራዎች በየተራ ይነበባሉ። ከተወካዮች መካከል ሁለት ሦስቱ ይናገራሉ፤ የአምቡላንስ መዘግየት ይነሣል፣ የባለሙያ ሰዓት አለማክበር ይነሣል። ኃላፊው ለተሰጣቸው ገንቢ አስተያየት አመስግነው ይቀመጣሉ፤ ሪፖርቱም በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ይህን ቁጥጥር ብሎ መጥራት ለቃሉ ከሚገባው በላይ መቸር ነው።

የሥልጣን እጥረት አለ ሊባል አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ወረዳዎች የጥቅል በጀት ድጎማ እየተቀበሉ ራሳቸው መደልደል ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን መድቦ ሲስፋፋ፣ የነዚህ ሠራተኞች ደመወዝም ሆነ የጤና ጣቢያው የሥራ ማስኬጃ የሚጸድቀው በወረዳው ምክር ቤት ሆነ። በወረቀት ሲታይ፣ ከታካሚው ደጃፍ የዚህን ያህል ቅርብ የሆነ ተቆጣጣሪ በብዙ አገሮች አይገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ወንበሮቹን ማን እንደያዘ ሲታይ ነው። የወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል የሚመረጥ ነው። እርሱ የካቢኔው ሰብሳቢ ነው፤ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም የካቢኔው አባል ነው። ጤና ጣቢያዎች ገቢያቸውን በራሳቸው እንዲጠቀሙ ሲፈቀድ የተቋቋሙትን የሥራ አመራር ቦርዶች በብዙ ቦታ የሚመራው አስተዳዳሪው ወይም የእርሱ ተወካይ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲስፋፋም የወረዳው የመድኅን ቦርድ ሰብሳቢነት በአብዛኛው ወደዚሁ ወንበር ሄዷል። ስለዚህ መድኅኑ ለጤና ጣቢያው ገንዘቡን ሳይከፍል ሲዘገይ፣ ጤና ጣቢያውም በዚህ ምክንያት መድኃኒት ሲያጣ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ይሆናል። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው ገበሬ ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል። በምክር ቤቱ ሪፖርት ላይ ግን የሚታየው የአባልነት እድሳት በመቶኛ ነው።

በዚህ ላይ የውክልናው ዕድሜ ይጨመራል። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ይካሄድ የነበረው ተራዝሟል። መራጩ መልሶ ሊጥለው እንደሚችል የማያስብ ተወካይ የጽሕፈት ቤት ኃላፊን ለማስቀየም ምክንያት የለውም።

ይህ ድክመት የድሃ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስል የእንግሊዝን ልምድ ማየት ይጠቅማል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች የጤና አገልግሎትን የሚመረምሩ ኮሚቴዎች እንዲኖሯቸው አደረገ፤ ኮሚቴዎቹ የሆስፒታል ኃላፊዎችን አስጠርተው መጠየቅ ይችሉ ነበር። በስታፎርድ ከተማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 የደረሰው ግን በነዚህ ኮሚቴዎች ዓይን ሥር ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመቆጠብ ሲል ከ150 በላይ የሥራ መደቦችን አጠፈ። አረጋውያን ሕሙማን የሚያበላቸውና የሚያጠጣቸው አጥተው፣ በቆሸሸ አንሶላ ላይ ተኝተው የሚውሉበት ክፍል ተፈጠረ። ይህ ሁሉ እየሆነ ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ የላቀ የራስ ገዝነት ማዕረግ ተሰጠው። ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጡት የሟቾች ቤተሰቦችና ከሚጠበቀው በላይ የሆነው የሞት አኃዝ ናቸው። በሕግ ባለሙያው ሮበርት ፍራንሲስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት 290 ምክረ ሐሳቦችን ሲያቀርብ፣ የአካባቢው ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች የችግሩን ምልክቶች እንዳላዩ፣ ያዩትንም ክብደቱን እንዳልተረዱ ገልጿል። የተመካነው ሆስፒታሉ ስለ ራሱ በሚናገረው ላይ ነበር። እዚያ ደግሞ ነጻ ጋዜጣ፣ ተወዳዳሪ ፓርቲና በየጊዜው የሚካሄድ ምርጫ ነበር።

የስታፎርድ ኮሚቴዎች የጎደላቸው ከተቋሙ ውጭ የሚመጣ ቃል ነው። የወረዳ ምክር ቤትም የሚጎድለው ይኸው ነው፤ የሚሰማው አኃዝ በሙሉ የሚመነጨው ከሚገመገመው አካል ነው። የዚህ መዘዝ በአገር ደረጃ ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሲጠይቅ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 16 በመቶ የሚሆኑት አንድም ክትባት አልወሰዱም ነበር። በመደበኛው ሪፖርት ይነገር የነበረው ሽፋን ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። የመጠይቅና የመዝገብ አኃዝ የሚለያዩበት ቴክኒካዊ ምክንያት መኖሩ አይካድም፤ ግምታዊ የሕዝብ ቁጥርም የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ የተገለጠው በጥናት እንጂ በየጉባኤው ሪፖርቱን ባጸደቁት ምክር ቤቶች ጥያቄ አይደለም።

የጤና ሚኒስቴር ይህን ክፍተት ለመሙላት የማኅበረሰብ የውጤት ካርድን አስተዋውቋል። ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያቸው ስለ ባለሙያው አክብሮት፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ መድኃኒትና ምርመራ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ አምቡላንስ ነጥብ ይሰጣሉ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ከመቶኛው ሠንጠረዥም ይሻላል። ዳሩ ግን ውጤቱ በአደባባይ ሲነበብ መድረኩን የሚመሩት ሹማምንት ከሆኑ፣ የዳቦ ስንዴና የማዳበሪያ ወረፋ በእጃቸው ባለ ሰዎች ፊት ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ ነዋሪ ብዙ አይሆንም። ካርዱ በወረዳው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ እጅ በቀጥታ ቢገባና የምክር ቤቱ ክርክር ከእርሱ ቢጀምር የኃላፊው ሪፖርት መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ያገኝ ነበር።

የጤና ባለሙያውም በዚህ ጉድለት ውስጥ ድርሻ አለው። ጓንት አልቆ፣ ውኃ ተቋርጦ የሠራበትን ወር "ክንውን 97 በመቶ" ብሎ የሚፈርመው እርሱ ነው። ይህን የሚያደርገው ከሐሰተኛነት ሳይሆን፣ ዝቅተኛ አኃዝ በግምገማ ላይ የእርሱ ስንፍና ሆኖ እንደሚቆጠር ስለሚያውቅ ነው። የቋሚ ኮሚቴ ጉብኝት ሲመጣም የሚመረመረው የሰዓት ፊርማ ነው፤ ያልተገኘ ነርስ ይቆጠራል፣ ያልተገኘ ኦክሲቶሲን አይቆጠርም። በአንጻሩ ባለሙያው ከምክር ቤት ሊከላከለው የሚገባ ነገር አለ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት የሟቿም ሆነ የባለሙያው ስም ሳይጠራ የሞቱ ምክንያት እንዲመረመር ያዝዛል። ምክር ቤት "ማን ገደላት?" ብሎ ቢነሣ ቅኝቱ በማግሥቱ ይሞታል። እናቲቱ ቤቷ ስንት ሰዓት እንደቆየች፣ አምቡላንሱ ለምን እንዳልደረሰ፣ ደም ለምን እንዳልተገኘ መጠየቅ ግን ስም አያስፈልገውም፤ የሕክምና ትምህርትም አያስፈልገውም።

ከጤናው የባሰ ዝምታ ያለው በማኅበራዊ እንክብካቤ ዘንድ ነው። የብሔራዊ ማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ በ2007 ዓ.ም. ወጥቷል። ነገር ግን በስትሮክ ግማሽ ጎኑ ደርቆ አልጋ ላይ የዋለው አባወራ፣ ቤት ውስጥ ታስሮ የሚኖረው የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ልጆቿ ከተማ ገብተው ብቻዋን የቀረችው አሮጊት በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባሉ? ጤና ኤክስቴንሽኑ ሲጀመር በነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ የእነርሱ እንክብካቤ ራሱን የቻለ ቦታ አልነበረውም፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ በካቢኔው ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ በጀቱ ከደመወዝ የማያልፍ ነው። ስለማይቆጠሩ አይጠየቅላቸውም። የሚያውቃቸው እድሩ ነው፤ እድሩ ደግሞ በምክር ቤት ጉባኤ ወንበር የለውም። ቋሚ ኮሚቴው በዓመት አንድ ጊዜ የየቀበሌውን እድር ዳኞች ጠርቶ አልጋ ላይ የዋሉትን በቤት ቁጥር ቢያስመዘግብ፣ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት የሌለው መረጃ በእጁ ይገባ ነበር።

በጤና ጣቢያውም ቢሆን እውነቱ ከሪፖርቱ የራቀ ቦታ የለም። በመድኃኒት መጋዘኑ መደርደሪያ በየመድኃኒቱ አጠገብ ቢን ካርድ ይቀመጣል። የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው በየቀኑ ይጻፍበታል፤ አንድ መድኃኒት ዜሮ የደረሰበት ቀንና እንደገና የገባበት ቀን በዚያ አለ። ማንበብ የሚችል ማንኛውም የምክር ቤት አባል በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ቁጥር ማስላት ይችላል። ጉብኝቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኃላፊው ቢሮ ተጀምሮ፣ በወሊድ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ በቡና ይጠናቀቃል።